ከፍራሽ ሥር ያለው ሽጉጥ ማንን ይጠብቃል?

አዳማ ላይ ቤት ሠርቶ ለገባ ሰው መካሪ አይጠፋም። የብረት በሩን አጠናክር፣ አጥሩ ላይ ሽቦ ዘርጋ፣ ውሻ አሳድግ፣ ግቢህ ማታ ማታ መብራት አይለየው ይሉታል። ይሄ ሁሉ ደግ ምክር ነው። ከዚያ አንዱ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «አንዲት ብረት ቤት ውስጥ ትኑርህ እንጂ፤ የልጆች አባት አይደለህ?» ይለዋል። ሞጆም፣ መቂም፣ ባቱም፣ ሻሸመኔም ይኸው ምክር ይመከራል። መካሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰሚውም ለቤተሰቡ የሚጨነቅ ነው። እኔ ግን ምክሩ ቤት ሲያፈርስ አይቻለሁና ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ተረት፦ መሣሪያ ያለበት ቤት የተጠበቀ ቤት ነው

እምነቱ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ከተገደለ በኋላ በሻሸመኔ፣ በባቱና በሌሎች የኦሮሚያ ከተሞች የሆነውን ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። መኖሪያ ቤቶችና ሱቆች ተቃጠሉ፤ የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ሆቴሎች ሻሸመኔም ባቱም ላይ ወደሙ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በታኅሣሥ 2013 ባወጣው የምርመራ ሪፖርት 123 ሰዎች መሞታቸውን ገልጿል። በዚያው ሪፖርት ተጎጂዎች የጸጥታ ኃይሎችን ደውለው ሲጠሩ ትዕዛዝ አልደረሰንም እየተባሉ መቅረታቸውን ተናግረዋል። እንዲህ ያለ ሌሊት ያሳለፈን አባት «ፖሊስ አለልህ» ብሎ ማጽናናት ሕመሙን መናቅ ነው። ከዚያም በፊት በ1969 በደርግ አሰሳ ጊዜ ቤት ለቤት መሣሪያ ሲለቀም ያዩ፣ ቀጥሎ የመጣውንም ያልረሱ አረጋውያን አሉ። መንግሥት መሣሪያህን አስረክብ ሲል የሚጠራጠሩት በምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ተቀብዬ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። በዚያ የሰኔ ሌሊት ዱላ፣ ድንጋይና ቤንዚን የያዘ የመቶዎች ሰልፍ በር ላይ ሲቆም አንድ ሽጉጥ ምን ያደርጋል? ስምንት ጥይት ለስንት ሰው ይዳረሳል? ከግቢ የሚተኮሰው የመጀመሪያ ጥይት ሰልፉን ይበትነው ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለዝርፊያ የመጣውን ለደም ያስነሣዋል። ብዙዎች የተረፉት በጎረቤት ጓዳ ነው። ኮሚሽኑም ሌላ ሃይማኖትና ሌላ ብሔር ያላቸውን ጎረቤቶቻቸውን ደብቀው ያተረፉ ነዋሪዎችን መዝግቧል። እነዚህ ሰዎች በር የከፈቱት ለሚያምኑት ጎረቤት ነው። ጎረቤት ሁሉ በየቤቱ ታጥቆ እርስ በርስ ሲጠባበቅ ግን ያ እምነት መጀመሪያ ይሞታል። አንተ ለመከላከያ የገዛኸው ሽጉጥ ከአጥሩ ወዲያ ላለው ሰው ዛቻ ነው፤ እሱም በተራው ይገዛል።

ደግሞ እንዲህ ያለው ቀን በየሳምንቱ አይመጣም። መሣሪያው ግን በየቀኑ፣ በየሌሊቱ ቤት ውስጥ ነው። ስለዚህ ሒሳቡን በአዘቦት ቀን እንሥራው።

ሽጉጥ ለሌሊት ሌባ እንዲደርስ ከተፈለገ ጥይት ጎርሶ ከእጅ አጠገብ መሆን አለበት፤ ከትራስ ሥር፣ ከፍራሽ ሥር ወይም ከቁምሳጥኑ ልብስ መሐል። ለልጅ እንዳይደርስ ከተፈለገ ደግሞ ጥይቱ ወጥቶ፣ ለየብቻ ተቆልፎ መቀመጥ አለበት። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ አይቻልም። ለሌባ የሚደርስ መሣሪያ ለልጅም ይደርሳል። «ልጆቼ ያለበትን አያውቁም» የሚል አባት ልጅነቱን ረስቷል። ልጅ የተደበቀ ብስኩት የሚያገኝ ፍጥረት ነው። ጠዋት አልጋ የምታነጥፈው ሠራተኛም አለች፤ ፍራሹን ስታነሣ መጀመሪያ የምታገኘው እሷ ናት። ዕድሜዋ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ታላቅ ልጅ አይበልጥም፤ ስለ መሣሪያ አንዲት ቃል የነገራት ሰው የለም።

የአዳማ ግቢ ደግሞ የአንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም። ፊት ለፊት ባለቤቱ፣ ከጀርባ በሰርቪስ ክፍሎቹ ሁለት ሦስት ተከራይ፣ ከገጠር ለትምህርት የመጣ የእህት ልጅ፣ ማታ አምሽቶ የሚገባ የባጃጅ ሹፌር፣ ሁሉም በአንድ በር ነው የሚገቡት። መብራት በጠፋ ሌሊት ከግቢው ኮቴ ሲሰማ ሌባ ነው ወይስ ሽንት ቤት የወጣ ተከራይ? አጥር የሚዘለው ሌባ ነው ወይስ አባቱን ፈርቶ በር ማንኳኳት ያልደፈረ ወንድ ልጅ? ከእንቅልፉ የባነነ፣ ልቡ የሚመታ ሰው ይህን በሁለት ሰከንድ ለይቶ ቃታ መሳብ አለበት። የሠለጠነ ፖሊስ እንኳ በጨለማ ይሳሳታል።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ አንድ ልቅሶ ነው። ሽጉጡን ሊወለውል ያወጣ ሰው ባርቆበት የወንድሙን ልጅ ገደለ። ልጁ ቡና እስኪፈላ አጠገቡ ተቀምጦ የቤት ሥራውን ይሠራ ነበር። ሽጉጡ የባረቀበት አጎት ከድንኳኑ ጥግ አንገቱን ደፍቶ ከማንም ጋር አይነጋገርም። የሟች እናት ስታለቅስ የገዛ አማቿን ስም መጥራት አቅቷት ነበር፤ ረግማ እንዳትጠራው ዘመድ ነው፣ ይቅር እንዳትለው የሞተው ልጇ ነው። በዚያው ድንኳን፣ ከእኔ ሁለት ወንበር አልፎ የተቀመጠ ጎልማሳ ለጎኑ ሰው «ጥንቃቄ ማጣት ነው እንጂ ቤትማ ያለ መሣሪያ አይሆንም» አለው። አስከሬኑ ከተቀበረ ገና አንድ ቀን አልሞላውም። እኔ የዚህ ዓይነቱን ሰው መታገሥ አልችልም። ጥንቃቄ የጎደለው እሱ የሚያውቀው ሰው ሁሉ ነው፤ እሱ ራሱ ግን መቼም አይሳሳትም።

የአንድ ሰፈር ሐዘን ማስረጃ አይሆንም የሚል ካለ ጥናቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 አርተር ኬለርማንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ሦስት አውራጃዎች በመኖሪያ ቤት የተፈጸሙ ግድያዎችን መርምረው ነበር። መሣሪያ ባለበት ቤት የሚኖር ሰው እዚያው ቤቱ የመገደል አደጋው 2.7 እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኙት፤ ጭማሪውም በቤተሰብና በቅርብ ሰው እጅ ከሚፈጸመው ግድያ የመጣ ነበር። «ድሮም አደጋ ያለበት ሰው ነው መሣሪያ የሚገዛው» የሚል ተቃውሞ ተነሣ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው የካሊፎርኒያ ጥናት ከ17 ሚሊዮን በላይ አዋቂዎችን ተከታትሎ፣ ራሳቸው መሣሪያ የሌላቸውን ሰዎች እዚያው ሰፈራቸው ካሉት ጋር አነጻጸረ። ሽጉጥ ካለው ሰው ጋር የሚኖሩት በቤታቸው ውስጥ በትዳር ወይም በፍቅር ጓደኛቸው ተተኩሶባቸው የመሞት ዕድላቸው 7 እጥፍ ነበር። እንዲህ ከሞቱት 84 በመቶዎቹ ሴቶች ናቸው። አሜሪካ ሌላ አገር ነው፣ እውነት ነው። ባል ሰክሮ ሲገባ የሚነሣው ጠብ ግን አሜሪካ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በጥፊ ወይም በዱላ የሚያልቅ ጠብ፣ እሱም በደል ነው፣ ጎረቤትና ሽማግሌ ይደርስበታል። ጥይት ሽማግሌ አይጠብቅም።

የሥነ ምግባሩ ጥያቄ ለእኔ እዚህ ላይ ነው። አባት ቤተሰቡን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ አልከራከርም። ግን ሽጉጡን ሲያስገባ አደጋውን ለራሱ ብቻ አይገዛም። ለሚስቱ፣ ለልጆቹ፣ ለሠራተኛዋ፣ ለተከራዩና ለተከራዩ ልጅ ሁሉ ይገዛላቸዋል። አንዳቸውንም አላማከረም፤ አብዛኞቹም መኖሩን እንኳ አያውቁም። ሰው ራሱን ለአደጋ ማጋለጥ ይችል ይሆናል። ያልተጠየቁ ሰዎችን አጋልጦ «የምጠብቃችሁ እኔ ነኝ» ማለት ግን ምን ዓይነት ጠባቂነት ነው?

በአንድ ነገር ላይ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ፈንታሌ ወረዳ ከብቱን ይዞ ሜዳ የሚያድር የከረዩ አርብቶ አደር፣ ወይም ከባቱ ወጣ ብሎ ብቻውን የሚኖር ገበሬ፣ ጮሆ የሚደርስለት ጎረቤት የለውም። እሱን «አስረክብ» ለማለት አንደበት የለኝም። የእሱ መሣሪያ ሜዳ ላይ፣ በሰው ዓይን ሥር ነው፤ ሲያጠፋም ጎሳውና ሽማግሌው ይጠይቁታል። እንዲያም ሆኖ ያው ክላሽ ቂም በተነሣ ቁጥር ስንቱን እንደጨረሰ እነሱው ይነግሩናል። በአርሲ ኦሮሞ ባህል ሴቶች ሲንቄ የሚባለውን በትር ይዘው በተጣሉ ወንዶች መሐል ሲገቡ ጠቡ ይቆማል። ይህን ሥርዓት ያቆዩ ሰዎች የመሣሪያን ነገር ከእኛ ከከተሜዎቹ በተሻለ ያውቁታል። ፖስታ ቤት አካባቢ ጎረቤቱ በአጥር ሥር የሚያስለው የአዳማ ነዋሪ ግን በከረዩው ስም ሽጉጥ ሊገዛ አይችልም።

ሌሎቹን ተረቶች ፈጠን ብለን እንለፋቸው።

ተረት፦ ካዝናውን ካወጣሁት ባዶ ነው

አይደለም። ቀድሞ ከተቀባበለ አንድ ጥይት የጥይት ማደሪያው ውስጥ ይቀራል፤ ካዝናው ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ያቺ አንዷ ትገድላለች። «ባዶ መስሎኝ» የሚባለው አደጋ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። መጀመሪያ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት ማዞር፣ ካዝናውን ማውጣት፣ ከዚያ ማቀባበያውን ወደ ኋላ ስቦ የጥይት ማደሪያውን በዓይን ማየት፣ በጣትም መዳሰስ ያስፈልጋል። ያለ ካዝና የማይተኩሱ ሽጉጦች አሉ፤ የእኔ ከነዚያ ነው ብሎ መገመት ግን ሞኝነት ነው።

ተረት፦ ግቢዬ የገባን ሌባ ብገድል ሕግ አይጠይቀኝም

ይጠይቅሃል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስን ወይም ሌላውን መከላከልን ይፈቅዳል፤ ነገር ግን ጥቃቱ የተጀመረ ወይም ሊፈጸም የተቃረበ፣ በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል፣ መከላከሉም ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ ሲሆን ነው። የልብስ ገመድ እያራገፈ ያለን ወይም ቴሌቪዥን ተሸክሞ የሚሮጥን ሰው ከጀርባው መምታት በዚህ ሚዛን አያልፍም። አንቀጽ 79 ከልክ ላለፈ መከላከል ቅጣቱ እንዲቀልል ያዛል፤ ድርጊቱ ይቅር ከሚያሰኝ ፍርሃትና ድንጋጤ የመጣ ከሆነም ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን እስከ መተው ሊደርስ ይችላል። ይህን ግን የሚወስነው ዳኛ ነው፣ ያውም ከእስርና ከክርክር በኋላ። «ግደለው፣ ምንም አትሆንም» የሚሉ ሰዎች ችሎት አብረውህ አይቆሙም።

ተረት፦ ራሱን ሊያጠፋ የቆረጠ ሰው ሽጉጥ ባያገኝ በሌላ ያጠፋል

ይህ ብዙ ሰው የሚገድል ስህተት ነው። ራስን የማጥፋት ሐሳብ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ማዕበል መጥቶ ያልፋል፤ ከሌሎች መንገዶች ብዙዎች ይተርፋሉ፣ ሐኪም ቤት ይደርሳሉ፣ የተረፉትም አብዛኞቹ በኋላ ራሳቸውን አያጠፉም። ሽጉጥ ያን ዕድል አይሰጥም፤ ከአሥር ሙከራ ዘጠኙ ገደማ ሞት ነው። የእስራኤል ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ2006 ወታደሮች ለሳምንት መጨረሻ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ጠመንጃቸውን ካምፕ እንዲተዉ አደረገ። ራሳቸውን የሚያጠፉት ወታደሮች ቁጥር በ40 በመቶ ቀነሰ፤ ቅናሹ የመጣው ከሳምንቱ መጨረሻ ነው፣ በሥራ ቀናት ያለው አልጨመረም። ሐሳቡ ወደ ሌላ መንገድ ቢዞር ኖሮ ይህ ባልሆነ።

ተረት፦ የአባቴ መሣሪያ ስለሆነ የእኔ ነው

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድን የሚሰጠው ለሰው ነው፤ አባት ሲሞት ፈቃዱ ከቁምሳጥኑ ጋር ለልጅ አያልፍም። ያለ ፈቃድ ይዞ መቀመጥ ወንጀል ነው፣ የአባት ማስታወሻም ቢሆን።

ተረት፦ በሠርግ ወደ ሰማይ መተኮስ ማንንም አይጎዳም

የወጣው ጥይት ይወርዳል። ዘመም ብሎ የተተኮሰው ደግሞ ፍጥነቱን ይዞ ስለሚወርድ ሁለት ሦስት ሰፈር አልፎ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተኛን ሰው ያገኛል። በተባራሪ ጥይት ሞተ የሚባለው ሰው የሞተው በአንድ ሰው ጭፈራ ነው።

መሣሪያ በሕጋዊ ፈቃድ ይዞ ይህን የሚያነብ አባት «ታዲያ ምን ላድርግ?» ሊለኝ ይችላል። መሸጥ ወይም ማስረከብ ካልፈለገ ቢያንስ ጥይቱን ከመሣሪያው ለይቶ፣ ሁለቱንም በየራሳቸው ቁልፍ ይቆልፍ፤ ቁልፎቹ በር አጠገብ ካለው መስቀያ ላይ አይዋሉ። መኖሩን ለሚስቱ ይንገራት፤ አውጣልኝ ካለችው ያውጣ። ከቤቱ ሰው አንዱ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ፈተና ወድቆ ወይም ከሥራ ተባርሮ ከክፍሉ አልወጣ ካለ፣ «ያልፋል» ብሎ አይጠብቅ፤ በዚያው ቀን የመሣሪያውን ቁልፍ ከቤት ያርቅ፣ ሰውየውንም ወደ ሐኪም ይውሰድ።