የአሻንጉሊት ካሜራ መልክ፦ ጉድለትን አውቆ መሥራት

ሆልጋ የሚባለው ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1982 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለገበያ ሲቀርብ ማንም የጥበብ መሣሪያ ይሆናል ብሎ አልጠበቀም። የታሰበው አቅም ለሌለው ቤተሰብ ነበር፤ አካሉም ሌንሱም ፕላስቲክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እዚያው ሆንግ ኮንግ ይመረት የነበረው ዲያና የተባለው ካሜራም ከዚህ የተሻለ አልነበረም። የአሻንጉሊት ካሜራ የተባሉትም ለዚህ ነው።

ጉድለታቸው ብዙ ነው። ሌንሱ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ ስለሆነ መሐሉን በደህና ያወጣና ዳር ዳሩን ያደበዝዛል። ወደ ጥጎቹ የሚደርሰው ብርሃን ስለሚያንስ አራቱም ይጠቁራሉ። ክዳኑ ጠበቅ ብሎ ስለማይገጥም ብርሃን በስንጥቁ ሾልኮ ፊልሙን ያበላሻል፤ ስለዚህ ባለቤቶቹ ካሜራውን በጥቁር ፕላስተር ይጠቀልሉታል። በመጀመሪያዎቹ ሆልጋዎች ላይ የነበረው የፀሐይና የደመና መምረጫ ደግሞ ወዲያ ቢገፉት ወዲህ ምንም ለውጥ አያመጣም ነበር። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2000 የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ዘመቻ ፎቶ ጋዜጠኛው ዴቪድ በርኔት ዕጩውን አል ጎርን በዚሁ ካሜራ አንስቶ ተሸልሞበታል።

ዛሬ ይህን መልክ ለማግኘት ፊልም መፈለግ የለብዎትም። እዚህ ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ቆመው በእጅ ስልክዎ መሥራት ይችላሉ፤ ስናፕሲድ የተባለው ነፃ መተግበሪያ ይበቃል። ምስጢሩ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው፦ ብርሃን በካሜራው ውስጥ በሄደበት መንገድ መሄድ፤ መጀመሪያ ሌንሱ፣ ቀጥሎ ፊልሙ።

ከሁሉ በፊት ግን ብርሃኑን ይምረጡ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የቀትር ፀሐይዋ ኃይለኛ ነው። ነጠላና ጋቢ የለበሰ ሰው እኩለ ቀን ላይ ቢያነሱ ጨርቁ ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ዲጂታል ካሜራ ደግሞ አንዴ የጠፋበትን ነጭ መልሶ አያመጣም። ከጧቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያንሱ፤ ካልሆነም ስክሪኑን ነጩ ጨርቅ ላይ ነክተው ብርሃኑን ይቀንሱ።

ፎቶውን አራቱም ጎኑ እኩል እንዲሆን ይቁረጡና ወደ ጥቁርና ነጭ ይለውጡት። እዚህ ላይ የቀለም ማጣሪያው ሥራ ይጀምራል። በመስከረም የጮቄ ተራራን ተዳፋት ያለበሰ አደይ አበባ በቀይ ማጣሪያ ሲታይ ቢጫው ነጭ ሆኖ ይፈካል፣ ሰማያዊው ሰማይ ይጠቁራል። ለሰው ፊት ግን ቀዩን ይተዉት፤ ቆዳን አጥቦ መልክን ያጠፋል። አረንጓዴው የፊትን መስመር ያወጣል።

ቀጥሎ በመተግበሪያው ሌንስ ብለር በሚለው መሣሪያ ዳሩን ያደብዝዙ፣ ቪኜት በሚለው ጥጎቹን ያጥቁሩ። የፊልሙን ቅንጣት የሚጨምሩት መጨረሻ ላይ ነው። ቅንጣቱ የፊልሙ እንጂ የሌንሱ ስላልሆነ በደበዘዘው ጥግም ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ቀድመው ጨምረው ኋላ ካደበዘዙት የሐሰቱ ሥራ ወዲያው ይታወቃል። በክዳኑ ስንጥቅ የሾለከ ብርሃን የሚመስል ጭረት መጨመር ክልክል ባይሆንም አይብዛ።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ይህ መልክ የአያቶቻችን ፎቶ መልክ አይደለም። ለአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ ያነሳ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ሙያውን የወረሱት ልጆቹ ያነሷቸው ምስሎች በጥሩ ሌንስ፣ በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው። በየቤቱ አልበም ውስጥ የምናየው መደብዘዝና መቧጨርም የዕድሜ እንጂ የካሜራ ጉድለት አይደለም። የአሻንጉሊት ካሜራ መልክ የራሱ ውበት አለው፤ እርጅናን ግን አይተካም።

ስለዚህ ሲሠሩ ዋናውን ባለቀለም ፎቶ አይሰርዙት። ሲያጋሩትም የተነሳበትን ዓመተ ምሕረት ከሥሩ ይጻፉ። ዛሬ የተነሳ ፎቶ በሠፈርተኛው ዘንድ የጥንት ነው ተብሎ ከተዛመተ፣ ነገ እውነተኛውን የጎጃም ፎቶ የሚያምን ይጠፋል።