«አንተ»፣ «አንቺ» እና «እርስዎ» በንግድ ቃል

«ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው የአበው ምሳሌ ለእንግዳ ተቀባይ ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ለነጋዴም ይሠራል። ገዢ የሚመዝነው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን የተጠራበትንም ቃል ነውና።

በዛሬው ጊዜ አንዳንድ ድርጅቶች በማስታወቂያቸውና ወደ ስልክ በሚልኩት አጭር መልእክት «እርስዎ» ማለትን ትተው «አንተ» ወደ ማለት አዘንብለዋል። ምክንያታቸውም ከደንበኛው ጋር መቀራረብ ነው። ልማዱ በውጭ አገርም የታወቀ ነው። በስዊድን አገር እ.ኤ.አ. በ1967 የሕክምና ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኀላፊ ሆነው የተሾሙት ብሩር ሬክሴድ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ «ዱ» በሚለው የቅርብ ወዳጅ አጠራር እንደሚጠሩ ማስታወቃቸው የለውጡ ምልክት ሆኖ ይጠቀሳል። ኢኬያ የተባለው የስዊድን የቤት ዕቃ ድርጅትም በጀርመን አገር ደንበኞቹን በዚሁ አጠራር ያነጋግራል።

ይሁን እንጂ በሁለቱም ቋንቋዎች «ዱ» ወንድና ሴት አይለይም፤ አማርኛ ግን ይለያል። «ምረጥ» ቢባል ሴቲቱ ትቀራለች፤ «ምረጪ» ቢባል ወንዱ ይቀራል፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቢጻፉ ንባቡ ይጎረብጣል። «ይምረጡ» ግን ወንዱንም ሴቲቱንም፣ አዛውንቱንም ወጣቱንም ያጠቃልላል። ስለዚህ የአክብሮት አጠራር ከጨዋነቱ በላይ ለሥራም የሚያመች ነው።

የመርካቶ ነጋዴ «ና ወንድሜ»፣ «ግቢ የኔ እናት» ቢል የሚቀየመው ጥቂት ነው፤ የገዢውን ፊትና ዕድሜ አይቶ ቃሉን ይመርጣልና። የታተመ ወረቀትና የስልክ መልእክት ግን ዐይን የላቸውም፤ ለተማሪ የታሰበው ቃል ለሰባ ዓመት አዛውንትም ይደርሳል። የተቀየመ ደንበኛም ብዙ ጊዜ አቤቱታ አያቀርብም፤ ዝም ብሎ ወደ ሌላ ሱቅ ይሻገራል።

ስለሆነም ሦስት ነገሮችን መጠበቅ ይበጃል። አንደኛ፣ ለአንድ ሰው በሚጻፍ ደብዳቤ፣ በውልና በዕዳ ማስታወሻ ላይ «እርስዎ» ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ለሕዝብ በሚነገር ማስታወቂያ የወዳጅነት ቃና ቢፈለግ «ኑ፣ እዩ፣ ምረጡ» ማለት ይቻላል፤ የብዙ ቁጥር አጠራር ጾታ ሳይለይ ሁሉን ይጠራልና። ሦስተኛ፣ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ አጠራርን አለመቀላቀል ነው፤ «እናመሰግንዎታለን» ብሎ ጀምሮ «ክፈል» ብሎ የሚጨርስ መልእክት ምስጋናውን መልሶ ያፈርሰዋል።

እውነተኛው ቅርበት የሚገኘው ሚዛኑ ሲስተካከል፣ ዕቃው እንደተባለው ሲሆንና የደንበኛው ቅሬታ ሲሰማ ነው። ይህ ከጎደለ ግን «አንተ» ማለት ቅርበት መሆኑ ቀርቶ ድፍረት ይሆናል።