የጧሪ ዋጋ በሰሊጥ ማሳ

ሰሞኑን ሁለት ሰው በተገናኘበት ሁሉ “ሠራተኛ ጠፋ” ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ እናቱን የምታስታምም ተመላላሽ የፈለገ ሰው የተጠየቀውን ደመወዝ ሲናገር ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል፤ ወዲያው ወሬው ወደ ልጆች ምግባር ይዞራል። የዛሬ ልጅ አይጦርም፣ ዘመኑ ከፋ፣ ፈረንጅ አበላሸን። ቁም ነገሩ ግን ያለው ዋጋው ላይ ነው።

ዋጋውንም ቢሆን ብዙዎች የሚያስረዱት ተገልብጦ ነው። “ኑሮ ስለተወደደ ሠራተኛዋም ጨመረች” ይላሉ። የኑሮ ውድነት ብቻውን ደመወዝ ቢያስጨምር ኖሮ የጡረተኛው አበልም በዚያው ልክ በጨመረ ነበር። የአስታማሚን ክፍያ የሚቆርጠው ትታው የምትመጣው ሥራ ነው። አንድ አዛውንት ማጠብና ማገላበጥ ዛሬም የሚፈጀው የዛሬ 30 ዓመት የፈጀውን ጊዜ ነው፤ ምርታማነቱ ቅንጣት አልጨመረም። ክፍያው የሚወጣው ሌላ ፈላጊ ስላላት ነው። ሳዑዲ አረቢያ በወር 1,000 ሪያል ታገኛለች እንበል። ሪያል ከዶላር ጋር በ3.75 የታሰረ ነውና ይህ 267 ዶላር ገደማ ይሆናል። ዶላር 57 ብር ሳለ 15,200 ብር ነበር። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ዶላር 120 ብር ሲደርስ ያው ሪያል 32,000 ብር ሆነ። ማንም ደመወዝ አልጨመረላትም፤ እዚህ ያለው ቀጣሪ ግን የሚፎካከረው ከዚህ ቁጥር ጋር ነው።

ይኸው አሠራር ጥርት ብሎ የሚታየው በምዕራብ ጎንደር መተማ፣ ሰሊጥ አብቃይዋ ሽንፋ ላይ ነው። በ1995 መንግሥት በጀመረው የሰፈራ ፕሮግራም በሦስት ዓመት 440,000 አባወራዎችን ለማስፈር ታቅዶ ነበር፤ ከአማራ ክልል ተቀባዮች መካከል መተማና ቋራ ይገኙበታል። ሰፋሪው እስከ 2 ሄክታር እንደሚያገኝ፣ ደጋ የተወው መሬትም ለሦስት ዓመት እንደሚቆይለት ተነግሮት ወረደ። ያኔ የ40 ዓመት ጎልማሳ የነበረው ዛሬ 60ን አልፏል። እህት ወንድሙ፣ የእህቱ ልጅ፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚጠራው ዘመድ ሁሉ ደጋ ቀርቷል። የሚጦረው አብሮት ያለ ልጅ ብቻ ነው።

እንዲህ ያሉ አረጋውያን ስንት ናቸው? አረጋውያን ከሕዝቡ 5 በመቶ ገደማ ናቸው የሚለው ቁጥር ከ1999ኙ ቆጠራ የተተነበየ ነው። ቀጣዩ ቆጠራ በ2011 ከተራዘመ ወዲህ አልተካሄደም። በ1999 ምዕራብ ጎንደር የሚባል ዞን ራሱ አልነበረም፤ መተማ የተቆጠረው በሰሜን ጎንደር ሥር ነው። ዕድሜውም ቢሆን ገበሬው ሲጠየቅ 50 ወይም 60 ብሎ የሚያጠጋጋው ነው። በዚህ ቁጥር ዕቅድ የሚያወጣ ሰው ካለ ድፍረቱን አደንቃለሁ።

አሁን አንድ የሽንፋ ቤት እናስብ። ሰሊጥ በወቅቱ ካልታጨደ ራሱ ተከፍቶ ይረግፋል፤ ዝናብም ሆነ ሕመም አይጠብቅም። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ በሚባለው የነዶ ክምር ቆሞ እስኪራገፍ ድረስ እጅ ያለው ሁሉ ማሳ ላይ ነው። የቀን ሠራተኛ ዋጋ በሳምንት ውስጥ ይገለባበጣል፤ መንገድ በተዘጋበትና የደጋው ሠራተኛ ባልወረደበት ዓመትማ ሰማይ ይነካል። ወባ የሚበረታውም በእነዚሁ ወራት ነው። አልጋ ላይ የዋለ አባት ሰው አጥብቆ የሚያስፈልገውና ሰው ጨርሶ የማይገኘው በአንድ ጊዜ ነው። እቤት የምትቀረው ልጅ በየቀኑ የምታጣው ገንዘብ የአባቷ አስታማሚ ዋጋ ነው፤ ማንም ደረሰኝ ስለማይቆርጥለት ስታቲስቲክስ ውስጥ አይገባም።

እሷስ በምን ይከፈላታል? በመሬት። እስከ 2016 በሥራ ላይ የነበረው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 “የቤተሰብ አባል” ይለው የነበረው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ መተዳደሪያውን የሚጋራን ሰው ነው። ውርሱም ለዚህ ሰው ተከፈተ። አብሮ መኖር፣ ማጉረስ፣ ማስታመም የውርስ ማስረጃ ሆነ ማለት ነው። እኔ ይህንን የሀገሪቱ ትልቁ የጡረታ ፈንድ ነው እላለሁ፤ ከግል ድርጅት ሠራተኛው 7 በመቶና ከአሠሪው 11 በመቶ መዋጮ የማይደርሰውን ገበሬ ሲጦር የኖረ ነውና።

ሰሊጥ ሲወደድ መሬቱም አብሮ ይወደዳል፣ ስለዚህ ጧሪ አይጠፋም የሚሉ አሉ። የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መሬት አይሸጥም አይለወጥም። የሚደርስበት ቀን አይታወቅም። አባት በሞተ ማግስት ያልጦሩት ወንድሞችም ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ይሰለፋሉ። የሰሊጥ ማጨጃው ደግሞ በዚያው ሳምንት በእጅ ይከፈላል። የብር ምንዛሪ ሲወርድ ወደ ውጭ የሚላከው ሰሊጥ በብር ይወደዳል፣ የማጨጃው ክፍያም ይከተለዋል፤ የውርሱ ተስፋ ግን ባለበት ይቆማል። ልጅቷ ምግባሯ ሳይጎድል እጇ ወደ ማሳው ቢያዘነብል ምን ይገርማል?

የመንግሥት ድጋፍም አይደርስም። በ1997 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ጉልበት ለሌላቸው አረጋውያን ያለ ሥራ ይከፍላል፤ የተቀረጸው ግን ምግብ ለሚያጥራቸው ወረዳዎች ነው፣ መተማ ደግሞ በሰሊጥ ላኪነት ይታወቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ብትዞርም ትኩረቷ እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

ቀሪውን ባጭሩ። አንዷ ልጅ ሳዑዲ ትሄዳለች፣ ገንዘብ ትልካለች፣ በገንዘቡ ጎረቤት ትቀጠራለች፣ ጎረቤቷም መስከረም ሲጠባ ለአጨዳ ትወጣለች። የአረጋውያን ማዕከል ይሠራ የሚሉም አሉ፤ ሕንፃው ቢቆም አስታማሚዋን የሚሻማው ያው ማሳ ነው። ወረዳው በርካሽ የሚሞክረው ነገር ቢኖር ለአስታማሚ ከመስከረም እስከ ኅዳር ብቻ በቀን አጫጅ ሒሳብ መክፈልና የጧሪዋን ስም አባት በሕይወት ሳለ የመሬት መዝገብ ላይ ማስፈር ነው።