ከቬንቲሌተር በፊት ጣሪያውን እንይ

በከሰዓት ፈረቃ የሚያስተምርም የሚማርም ሰው ይህንን ችግር በደንብ ያውቀዋል። ከ7 ሰዓት በኋላ ልጆች ማንቀላፋት ይጀምራሉ፤ ደብተሩ ማራገቢያ ይሆናል፤ መምህሩም ትምህርቱን ሳይጨርስ ያሳጥራል። በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚመጣልን ሐሳብ «ቬንቲሌተር ይገዛልን» የሚል ነው። ግን በሐርጌሳ መብራት ውድ ነው። ለመብራት በየወሩ የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ ጠመኔና ደብተር ሊገዛበት የሚችለው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት አንድ ጥያቄ እናንሳ፦ ሙቀቱ ከየት ነው የሚመጣው?

ሙቀቱ ከላይ ነው

ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሯ እንደ በርበራ አያቃጥልም፣ ሌሊቱም ቀዝቀዝ ይላል። ቀን ላይ እንኳ ዛፍ ጥላ ሥር የተቀመጠ ሰው ደህና ነው። ታዲያ ክፍል ውስጥ ስንገባ ለምን እንታፈናለን? መልሱ ቆርቆሮው ነው።

ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህም ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 7 እና ነሐሴ 22 ገደማ፣ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። በሌላውም ጊዜ ቢሆን ከአናታችን ብዙ አትርቅም። ሰማዩ ጥርት ሲል በቀትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1,000 ዋት ያህል ኃይል ይወርዳል። እስቲ እናስላው። 8 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ ክፍል 48 ካሬ ሜትር ጣሪያ አለው። 48 ሲባዛ በ1,000፣ 48,000 ዋት ይሆናል። ይህም ባለ 60 ዋት አምፖል 800 እንደማብራት ነው! እርግጥ ሁሉም ወደ ውስጥ አይገባም። ሆኖም ያረጀና የዛገ ቆርቆሮ አብዛኛውን ስለሚውጥ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊደርስ ይችላል።

የጋለ ምጣድ አጠገብ ስንቆም፣ ሳንነካው እንኳ ፊታችንን ያቃጥለናል አይደል? ይህ ጨረር ይባላል። የጋለው ቆርቆሮም በተማሪዎቹ ራስ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቬንቲሌተር ላብ እንዲደርቅ ይረዳል፤ ጨረሩን ግን አያቆምም። በዚያ ላይ አንድ ቁጭ ያለ ሰው 100 ዋት ያህል ሙቀት ከሰውነቱ ያወጣል። 50 ሰው ባለበት ክፍል ይህ ብቻውን 5,000 ዋት ነው ማለት ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ኮርኒስ። በአገራችን ብዙ ቤት በአቡጀዲ ወይም በተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ ይሠራል። ከቆርቆሮው በታች ከተወጠረ ጨረሩ በቀጥታ እንዳያገኘን ይከላከላል። ቤቱ የኪራይ ቢሆንም ስንለቅ ነቅለን መውሰድ እንችላለን። ጥንቃቄ፦ እሳት ቶሎ ይይዘዋልና አምፖልና የኤሌክትሪክ ሽቦ እንዳይነካው።

ሁለተኛ፣ ነጭ ቀለም። ነጭ ነገር ብርሃንን መልሶ ይልካል። ዝገቱ በብሩሽ ተፍቆ ቆርቆሮው በነጭ የብረት ቀለም ቢቀባ የሚገባው ሙቀት በጣም ይቀንሳል። ለዚህ የአከራይ ፈቃድ ያስፈልጋል። አቧራ ሲሸፍነው ደግሞ መታጠብ አለበት።

ሦስተኛ፣ የሙቅ አየር መውጫ። ሙቅ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ መውጫ ካጣ ግን እዚያው ይከማቻል። ከግድግዳው ጫፍ አጠገብ በሁለቱም በኩል ቀዳዳ ተከፍቶ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ሌሊት መስኮት መክፈት ሌባ ቢያስፈራንም ይህ ክፍት ሆኖ ማደር ይችላል፤ ግድግዳውም በሌሊቱ አየር ይበርዳል።

አራተኛ፣ ጥላ። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትመጣ በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት በቀጥታ ትገባለች። እነዚህ መስኮቶች መጋረጃ፣ ሰሌን ወይም ዛፍ ያስፈልጋቸዋል። አዲስ ክፍል የሚሠራ ካለ ረጅሙን ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያዙረው። በዚያ በኩል የቀትሯን ፀሐይ ለመከለል ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ይበቃል።

ሌሎች እንዴት ሠሩት?

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የገጠሩ ሣር ክዳን ጎጆ አየር በውስጡ ስለሚይዝ ሙቀት አያስገባም። የሐረር ጀጎል ቤቶች ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ቀን ሙቀቱን ይዞ ያዘገየዋል። በቡርኪና ፋሶ ደግሞ ፍራንሲስ ኬሬ የተባለው አርክቴክት በተወለደበት በጋንዶ መንደር በ2001 እ.ኤ.አ. አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ። ግድግዳውም ኮርኒሱም የሸክላ ጡብ ነው፤ ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ነፋስ በመካከላቸው ያልፋል። በ2022 እ.ኤ.አ. ኬሬ የፕሪትዝከር ሽልማትን አገኘ፤ ይህም በሥነ ሕንፃ ሙያ ትልቁ ከሚባሉት አንዱ ነው።

ሆኖም ዝም ብሎ መኮረጅ አይሠራም። ወፍራም ግድግዳ የሚጠቅመው እንደ ሐርጌሳ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት ቦታ ነው። በበርበራ በሙቀቱ ወቅት ሌሊቱም ሞቃት ስለሆነ ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። እዚያ ነፋስ የሚያሳልፍ ቀለል ያለ ቤት ይሻላል።

ለመምህራንና ለተማሪዎች

ሁለት ቴርሞሜትር ካለን እንለካው። አንዱ ውጭ ጥላ ውስጥ፣ ሌላው ክፍል ውስጥ በተቀመጠ ተማሪ ራስ ከፍታ ይሰቀል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት በየሰዓቱ ተመዝግቦ በግራፍ ይሣል። ኮርኒስ ከተሠራ በኋላ እንደገና ይለካና ሁለቱ ግራፎች ይነጻጸሩ። ለፊዚክስም ለሒሳብም ጥሩ ትምህርት ነው፤ ገንዘብ ለሚሰጡንም ከልመና ይልቅ በቁጥር ማስረዳት ይሻላል። እስከዚያው ግን ሒሳብና ንባብ ወደ ጠዋት፣ መዝሙርና የውጭ ሥራ ጥላ ባለበት ወደ ከሰዓት ቢዛወሩ ምንም ወጪ የለውም።

ቬንቲሌተር መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ኮርኒሱና መውጫው ከተሠራ በኋላ አንድ ቬንቲሌተር ብዙ ይረዳል። ከጋለ ቆርቆሮ በታች ግን በየወሩ እየከፈልን ሙቅ አየር ማንቀሳቀስ ብቻ ይሆንብናል። ኮርኒስ አንዴ ይከፈልበታል፤ በቃ።