«ድሮ እኮ ሃምሳ ፑሽ አፕ እሠራ ነበር»

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። ቦርጭ መጥቷል፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ለጂም ጊዜም ብርም የለም፣ ታዲያ ቤት ውስጥ ምን ይሠራ? ከጥያቄው ቀጥሎ ደግሞ አንድ ነገር አይቀርም፤ «ድሮ እኮ ሃምሳ ፑሽ አፕ ሳላርፍ እሠራ ነበር»።

ዛሬ የምጽፈው በተለይ ለዚህ ሰው ነው። እንደታዘብኩት ስፖርት ሠርቶ ከማያውቀው ይልቅ ቶሎ ትከሻውን ይዞ የሚቀመጠው ድሮ ሠርቶ የተወው ነው። ጀማሪው ይፈራል፣ ቀስ ይላል። ተመላሹ ግን የሃያ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ የነበረውን ቁጥር ይዞ ወለሉ ላይ ይወርዳል።

መልካሙን ዜና ላስቀድም። ድሮ የሠራ ሰው በእርግጥም ቶሎ ይመለሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው ጉልበት በአብዛኛው ከጡንቻ መወፈር የሚመጣ አይደለም፤ ነርቮች ጡንቻውን በደንብ ማዘዝ ስለሚጀምሩ ነው፣ እንቅስቃሴውን የሚያውቅ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ ይቀድማል። በዚያ ላይ ጡንቻ ሲሠራ ሕዋሶቹ ተጨማሪ ኒውክሊየስ (የሕዋሱ ማዘዣ ማዕከል) ያገኛሉ። ስፖርት ቆሞ ጡንቻው ሲሟሽሽ እነዚህ ኒውክሊየሶች ረጅም ጊዜ እንደሚቆዩ በእንስሳት ላይ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ በሰው ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ ግን ሳይንቲስቶቹ ገና ይከራከራሉ።

ችግሩ ጅማት ነው። ጅማት የሚደርሰው ደም ከጡንቻ ያነሰ ስለሆነ የሚጠነክረውም ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ጡንቻው «ጨምርልኝ» ሲል ክርንና ትከሻ፣ ጉልበትና ተረከዝ ገና ናቸው። ብዙ ሰው የሚያቆመውም እዚያው ሳምንት ላይ ነው፤ ሰንፎ ሳይሆን አሞት።

ይህ ቀድሞ የገባው ፕሮግራም አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ቢል ኦርባን የሚባል ሰው ለካናዳ አየር ኃይል ፋይቭ ቢኤክስ የተሰኘ የስፖርት መርሐ ግብር አዘጋጀ። ጂም በሌለበት ሩቅ የጦር ሰፈር ያለ አብራሪም እንዲሠራው የታሰበ ነው፤ አምስት እንቅስቃሴ፣ 11 ደቂቃ፣ ያለ ምንም ዕቃ። ጥብቅ ሕጉ ማንም ቢሆን ከታችኛው ደረጃ ጀምሮ አንድ በአንድ እንዲወጣ ነበር። ከእንቅስቃሴዎቹ መካከል ዛሬ ለወገብ የማይመከሩ አሉ፣ እኔም አልሠራቸውም። ሕጉን ግን ወስጃለሁ።

እኔ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚያውል ሥራ ነው ያለኝ፤ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። የምሠራው ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ነው። ረቡዕና ዓርብን የተውኩት ስለምጾም ነው፤ የማይጾም ሰው የፈለገውን ሦስት ቀን ይያዝ፣ ብቻ በመሐል ዕረፍት ይኑር። ለአምስት ደቂቃ ያህል እያሟሟቅሁ እጀምራለሁ፤ ከዚያ ቁጭ ብድግ፣ ፑሽ አፕ፣ መሳብ፣ በጀርባ ተኝቶ መቀመጫን ማንሳት፣ መጨረሻ ላይ ፕላንክ። ሁለት ዙር፣ ኋላ ሦስት። ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

ፑሽ አፑ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ስለሆነ። ወለል ላይ ሲሠራ እጅ የሚሸከመው የሰውነትን ክብደት 64 በመቶ ገደማ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው 51 ኪሎ ይገፋል ማለት ነው። ጉልበት መሬት ሲነካ ወደ ግማሽ ይወርዳል። እጅን 60 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ነገር ላይ ማድረግ ደግሞ ወደ 41 በመቶ ያወርደዋል፤ ያው ሰው አሁን የሚገፋው 33 ኪሎ ብቻ ነው። ስለዚህ ከግድግዳ ጀምሩ፣ ከዚያ የማይንሸራተት ጠረጴዛ፣ ከዚያ የአልጋ ጠርዝ፣ ወለሉ በመጨረሻ። አንዱ ደረጃ ላይ በሦስቱም ዙር አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሳይዛባ ከወጣ ወደሚቀጥለው ውረዱ። በየዙሩ ደግሞ አቅም እስኪያልቅ አትሂዱ፤ ገና ሁለት ወይም ሦስት መጨመር ስትችሉ አቁሙ። ሚስቱ እያየችው ግድግዳ መግፋት የሚያፍር ወንድም በሩን ዘግቶ ይሥራ።

ከእኛ በታች ያሉት ጎረቤቶች ሕፃን አላቸው፣ እኔ ቤት ዝላይ የለም። አያስፈልግምም። ቁጭ ብድጉን ሦስት ሰከንድ ቆጥራችሁ ውረዱ፣ ታች አንድ ሰከንድ ቆዩ፣ ከዚያ ተነሡ፤ አሥሩ ሳይሞላ እግራችሁ ይንቀጠቀጣል። ጉልበቱን የሚያመው ወንበር ላይ ቁጭ እያለ ይነሣ።

በቤት ስፖርት የሚረሳው መሳብ ነው። ሁሉም ይገፋል እንጂ የሚስብ የለም፤ ቀኑን ኮምፒውተር ላይ ጎብጦ ለሚውል ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው የጀርባው ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን የሌለበት ቤት ስለሌለ ደምብል አትግዙ። አምስት ሊትር የሚይዝ የዘይት ጀሪካን ታጥቦ ውኃ ሲሞላ አምስት ኪሎ ነው። በአንድ እጅ ወንበር ተደግፋችሁ፣ ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ አጎንብሱና ጀሪካኑን ወደ ዳሌ ሳቡ። ሲቀልል መጽሐፍ የታጨቀ የጀርባ ቦርሳ ይተካዋል። በር ላይ ፎጣ አስሮ መሳብን ግን አልመክርም፤ የኮንዶሚኒየም በር ማጠፊያ ታውቁታላችሁ። ሃያ ሊትሩን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ የወጣ ሰው ደግሞ ያን ቀን ስፖርቱን እንደሠራ ይቁጠርልኝ።

በማግስቱ ሰውነት ይሰባበራል። ላክቲክ አሲድ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም፤ ላክቲኩ ከስፖርቱ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይወገዳል። ሕመሙ የሚመጣው ያልለመደ ጡንቻ ላይ ከሚደርስ ጥቃቅን ጉዳት ነው፣ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ከከባድ ስፖርት በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ከጠቆረ ግን ወዲያው ሐኪም ቤት ነው፤ ከተጎዳው ጡንቻ የሚወጣው ነገር ወደ ደም ገብቶ ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ድንገት መቶ ቁጭ ብድግ የሚሠራ ተመላሽ የሚያጋጥመው አንዱ አደጋ ይኼ ነው። የደም ግፊት፣ የልብ ችግር ወይም ስኳር ያለበት፣ በቅርብ የወለደችም እናት፣ ከመጀመራቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ።

ስለ ቦርጭ ባጭሩ። ሲት አፕ የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ከላዩ ያለውን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። እሱን የሚቀንሰው አመጋገብና እርምጃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 መመሪያው አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ቢያንስ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት እንዲሠራ ይመክራል። መካከለኛ ማለት እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ከዱባይም ከዋሽንግተንም ለዕረፍት የመጣችሁ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ፣ ቀንሱ።

ጾም ሲገባ ስፖርት የሚያቆም ብዙ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ካቆሙ የተገኘው ትንፋሽ አብሮ ይሄዳል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ከመብላቱ በፊት ባሉት ደቂቃዎች ቀለል አድርጎ ይሥራ፤ በረመዳን የሚጾሙም ከኢፍጣር ጥቂት ቀደም ብለው ወይም በልተው ትንሽ ካረፉ በኋላ። ፕሮቲን ከየት ይመጣል ለሚለው፣ 100 ግራም ደረቅ ሽምብራ 20 ግራም ገደማ፣ ምስር ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ ፕሮቲን አለው። ሽሮና ምስር ወጥ ይብቃችሁ፤ የሚያወፍረንስ ጾም ነው ብለን በዘይት የጠበስነው ሳምቡሳ ነው።

አንድ ነገር ቀድማችሁ ተዘጋጁበት። ለውጡ መታየት ሲጀምር ዘመድ ሁሉ «ምነው ከሳህ? አመመህ እንዴ?» ማለት ይጀምራል፤ ስትወፍሩ «ተመችቶሃል» ያሏችሁ ሰዎች ናቸው። እናቴ ዘንድ ማስረዳት አልሠራም። የሠራው ገበያ አብሬያት ሄጄ ዘንቢሉን እስከ ቤት መሸከሜ ነው፤ አሁን ጠያቂ ሲመጣ መልሱን የምትሰጠው እሷ ናት።