ሾላን የምትዘራው ወፍ

ሾላን ማን ይተክለዋል? ባለፈው ሰሞን በትምህርት ጣቢያችን ይህን ጥያቄ አንስተን ነበር። አንድ አባት «ሾላ የሚተክል ሰው አይቼ አላውቅም፤ የሚዘራው ወፍ ነው» አሉን። ልክ ናቸው። ወፏ ፍሬውን ትበላለች፤ ዘሩን ሌላ ቦታ ትጥላለች። ዛሬ የምናነበው ከነዚህ ዘሪዎች ስለ አንዷ ነው።

ሶሪትን ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። ጉንጯ ነጭ የሆነው ሶሪት በደጋው ደን አለች። ይህችኛዋ ግን ዘመዷ ናት። በዓለም ላይ ከደቡብ ኢትዮጵያ በቀር የትም የለችም። በነጌሌ፣ በአሬሮ፣ በገናሌ ወንዝ አካባቢ፣ ጥድና ግራር ባለበት ትኖራለች። ገላዋ አረንጓዴ፣ ቁንጮዋ ነጭ ነው። በቅርንጫፍ ላይ ስትሮጥ ከቅጠሉ አትለይም። ክንፏን ስትዘረጋ ግን ቀዩ ቦግ ይላል።

ይህ ቀይ ቀለም እኮ ጉድ ነው! በውስጡ መዳብ አለ፤ ያው የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሠራበት መዳብ። ላባው ሳሙና ባለበት ውሃ ቢነከር ውሃው ይቀላል። እኛም መጀመሪያ ስናነበው አላመንንም።

ሩስፖሊ የሚባል የኢጣሊያ መስፍን በአገራችን ደቡብ ሲዘዋወር በ1886 ዓ.ም. ዝሆን ገደለው። ከዕቃው መካከል የዚህች ወፍ ቆዳ ተገኘ። የት እንደ ተያዘች፣ መቼ እንደ ተያዘች ግን አልተጻፈም። ሳልቫዶሪ የተባለ ኢጣሊያዊ ሊቅ ወፏን በሟቹ ስም ሰየማት። መኖሪያዋን ግን ሊቃውንቱ እስከ 1930ዎቹ ዓ.ም. ድረስ አላወቁም፤ ያን ጊዜ በአሬሮ አካባቢ ተገኘች። የአንድ ቦታ ስም ባለመጻፉ ወደ 50 ዓመት ገደማ! የአሬሮ ከብት አርቢዎችማ ሳያዩዋት አልቀሩም፤ ማን ጠይቋቸው?

አሁን ችግሯ ሌላ ነው። ጥዱና ግራሩ ለከሰል፣ ለማገዶና ለእርሻ ይቆረጣል። ፍሬ ያለው ዛፍ ሲጠፋ እሷም ትሄዳለች። ወዴት ትሄዳለች? ሌላ አገር የላትም።

ይህን ስናነብ አንዲት እናት «ከሰል ካልሸጥን ልጆቹ ምን ይበሉ?» ብለው ጠየቁን። የዋዛ ጥያቄ አይደለም። በአንድ ገጽ አንመልሰውም፤ በሚቀጥለው ሳምንት አብረን እንነጋገርበታለን።

በማግስቱ እኒያ አባት አንድ አሮጌ ግራር ዘንድ ወሰዱን። በባላው ላይ የሾላ ችግኝ በቅላለች። ቁመቷ ስንዝር አይሞላም።