ትንሿና ትልቋ የሪሞት አውሮፕላን

የሪሞት ኮንትሮል አውሮፕላን ማብረር የፈለገ ሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በትንሿ ላይ ነው። ዋጋዋ አይከብድም፣ በእጅ ተይዛ ትሄዳለች፣ ለማብረርም የምትቀል ትመስላለች። በአየር ላይ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ የተረጋጋችውና ለአብራሪዋ ጊዜ የምትሰጠው ትልቋ ናት። አውሮፕላንን የፈለጉትን ያህል ማሳነስ ይቻላል፤ የምትበርበትን አየር ግን ማሳነስ አይቻልም።

ለምሳሌ ፓይፐር ኩብን እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በብዛት የተመረተችው ይህች ቢጫ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በሞዴል ሠሪዎች ዘንድ እጅግ ተወዳጅ ናት። የእውነተኛዋ ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10.7 ሜትር ነው፤ ተጭና ስትነሣ 550 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች። ሁለመናዋን በ4 ብናካፍል ክንፏ 2.7 ሜትር ይሆናል። የክንፏ ስፋት 16 ጊዜ ሲቀንስ ክብደቷ ግን 64 ጊዜ ይቀንስና 8.6 ኪሎ ግራም ላይ ይደርሳል። በ16 ብናካፍላት ደግሞ 67 ሳንቲ ሜትር ክንፍና 135 ግራም ክብደት ይኖራታል።

ክብደት ከክንፍ ስፋት ፈጥኖ ስለሚቀንስ፣ የትንሿ ክንፍ የሚሸከመው ሸክም ቀላል ነው፤ ስለዚህም በዝግታ መብረር ትችላለች። እውነተኛዋ ኩብ ፍጥነቷ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወርድ ክንፏ ሊሸከማት ያቅተዋል፤ አብራሪዎች ይህን ስቶል ይሉታል። በዚሁ ስሌት ትልቋ ሞዴል እስከ 30፣ ትንሿ እስከ 15 ኪሎ ሜትር ድረስ ልትዘገይ ትችላለች። ትንንሾቹ በስፖርት አዳራሽ ውስጥ ሳይቀር የሚበሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ከአዳራሹ ሲወጡ ነው። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ቅጠልና ጭራሮ ከማወዛወዝ አያልፍም። ትንሿ ኩብ ግን በዚያ ዝግተኛ ፍጥነቷ ፊት ለፊት ከገጠመችው ባለችበት ተገትራ ትቀራለች፤ ዞራ ጀርባዋን ስትሰጠው ደግሞ ከአብራሪዋ ዓይን ፈጥና ትርቃለች። በዚያ ላይ የአውሮፕላን መጠን በግማሽ ሲቀንስ፣ አካሏ መገልበጥን የሚቋቋምበት አቅም 32 ጊዜ ይቀንሳል። አንዲት የነፋስ ሽውታ ክንፏን ስታነሣው፣ አብራሪው አይቶ ጣቱን እስኪያንቀሳቅስ ድረስ ግማሽ ዙር ተገልብጣ ሊሆን ይችላል። በዛሬዎቹ ትንንሽ ሞዴሎች ውስጥ መንቀጥቀጡን ቀድሞ የሚያርም ኤሌክትሮኒክ ጋይሮ የሚገጠመው ለዚህ ነው።

ሌላው ምክንያት አየር በክንፍ ላይ የሚፈስበት መንገድ ነው። በማንቸስተር ያስተምር የነበረው ኦስቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 የፈሳሾችን አፈሳሰስ አጥንቶ ነበር፤ በስሙ የሚጠራው ቁጥር ፍጥነትን፣ መጠንንና የፈሳሹን ዝልግልግነት አንድ ላይ ያያል። ይህ ቁጥር ለእውነተኛዋ ኩብ 3 ሚሊዮን፣ ለትልቋ ሞዴል 330 ሺህ፣ ለትንሿ 40 ሺህ አካባቢ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ አየሩ ከክንፉ ጀርባ ቶሎ ይላቀቃል፤ የሚያነሣው ኃይል ይደክማል፣ ወደ ኋላ የሚጎትተው ይበረታል። ጀርመናዊው ሽሚትዝ እ.ኤ.አ. በ1942 ባሳተመው ጥናት፣ እንደ ትንሿ ባለ መጠን ከወፍራም ክንፍ ይልቅ ስስና ጎበጥ ያለ ሳህን መሰል ክንፍ እንደሚሻል አሳይቷል። የብዙ ትንንሽ የፎም አውሮፕላኖች ክንፍም ዛሬ እንዲሁ ነው።

ከመጠን ሌላ ከፍታም ለውጥ ያመጣል፤ አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ትንሿም ትልቋም እዚህ ሲያርፉ ከ10 በመቶ በላይ ፈጠን ማለት አለባቸው።

ይሁን እንጂ ትንሿ የምትበልጥበት ነገር አለ፤ ስትወድቅ እንደ ጉንዳን ናት፣ ብዙ ጊዜ ተነሥታ መንገዷን ትቀጥላለች። ሁለቱም በስቶል ፍጥነታቸው ከአንድ ነገር ጋር ቢጋጩ የትልቋ ምት ጉልበት ከትንሿ 256 ጊዜ ይበልጣል፤ እንዲህ ያለ ምት ሰው ሊገድል ይችላል። አሜሪካም ለመዝናኛ የሚበሩትን ከ250 ግራም ጀምሮ ማስመዝገብን ግዴታ ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ ለጀማሪ የሚሻለው መካከለኛው መጠን ነው፤ ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ክንፍ ያላት፣ ክንፏ ከአካሏ በላይ የተገጠመ የፎም አውሮፕላን። ትንሿን የገዛ ነፋስ ባልተነሣበት ማለዳ ያብርራት። ትልቋን የሚመኝ ደግሞ ልምድ ካለው ሰው ጋር፣ ከሰውና ከቤት በራቀ ሜዳ፣ የአካባቢውን ሕግ ጠይቆ ይጀምር።